አንደኛ የወጣ ይጠይቃል

ባለፈው ወር ለሥራ ወደ ወሎ ስንሄድ የተሳፈርንበት መኪና ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ ክሪክ ሲፈልግ እኛ ጥላ ፍለጋ ተበታተንን። አስፋልቱ ዳር አንድ አይሱዙ ሽንኩርት እየጫነ ነበር፤ ገና ከማሳ የወጣ፣ ጭቃው ያልረገፈለት ሽንኩርት። ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው እዚያው ቆሜ ቀረሁ። የሽንኩርት ሽታ ብቻ ቢሆንማ በየጉሊቱ አለ። ይሄኛው ግን ውኃ የጠጣ ትኩስ አፈር፣ የተቀጠፈ ቅጠልና የከሰዓት ፀሐይ አንድ ላይ የሚሸቱት ነው። ለእኔ ደግሞ የአንድ ልጅ እጅ ሽታ ነው። አብራኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ «አመመሽ እንዴ?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው» አልኳት። እዚያ አገር ሁሉም ነገር በሙቀት ይሳበባል፤ ደግሞ ማንም አይጠራጠርም።

አሥራ አንደኛ ክፍልን የተማርኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ያን አንድ ዓመት ብቻ። አባቴ የጤና መኮንን ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ ከእኛ ቀድሞ ወርዶ ብቻውን ሲኖር ቆየ። በኋላ እናቴ «እኔ በስልክ ባል አላገባሁም» አለችና ዕቃችንን ጠቅልላ ተከተልነው። እኔ እንግዲህ ያኔ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበርኩ ልናገር። ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ አንደኛ ነው የምወጣው። ሁለተኛ መውጣት የሌላ ሰው ችግር ነበር። ከደብረ ብርሃን ስወርድ ጋቢዬንና ጓደኞቼን ትቼ መጥቻለሁ፤ አንደኛነቴን ግን ከዕቃው ጋር ይዤው የወረድኩ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የደረሰኝ መቀመጫ ከዘሃራ ጎን ነበር። ዘሃራ የከተማዋ ልጅ ናት፤ እናቷ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጣሉ። ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

«አንቺ ነሽ ከደብረ ብርሃን የመጣሽው ጎበዝ?» አለችኝ።

ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል ማለት ነው። ደስ አለኝ፤ «አይ፣ እንዲያው ነው» ምናምን አልኩ።

«እንድሪስ እያለ አንደኛ የሚባል ነገር የለም፤ ከወዲሁ ልንገርሽ። ሁለተኛ እኔ ነበርኩ። አሁን እሱንም ልትወስጂብኝ ነው መሰለኝ» አለችና ደብተሯን ገለጠች። ቂም የለባትም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

እንድሪስ የሚባለውን ለማየት ዞርኩ። መጨረሻው ረድፍ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የተቀመጠ ቀጭን ልጅ ነው። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፤ ሱሪው ጫፍ ላይ ጭቃ ደርቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርቱ እኩል እሱን ስከታተል ሰነበትኩ። ዓይኑን ይጨፍናል። መምህሩ ሲጠይቀው ዓይኑን ሳይገልጥ ይመልሳል፤ መልሱም ልክ ነው። ትዕቢት ነው አልኩ። በረንዳ ላይ ስንገናኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ ንቀት ነው አልኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ጭራሽ ትምህርት ቤቱንም ንቆታል አልኩ። እኔ አንዴ ከጠመድኩ ጠመድኩ ነው።

ድምፁን ለእኔ ያሰማኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ቆርቆሮው ጣሪያ የሚንጫጫበት ከሰዓት ነበር፤ ከኋላዬ ሲያልፍ ቀስ ብሎ፣ «የደጋዋ፣ መስኮቱን ክፈቺው። ብርዱን ይዘሽ መጥተሽ ብቻሽን ልትጠቀሚበት ነው?» አለኝ። ልጆቹ ሳቁ። መስኮቱን አልከፈትኩለትም፤ እኔም አብሬ ተቀቀልኩ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል እናቴ የጉሊት ሽንኩርት ሰለቻት። አባቴ ወገባቸውን ያከማቸው ጋሽ ሙሄ የሚባሉ ገበሬ «ማሳዬ ድረስ ኑ፣ ከጉሊት ገዝታችሁ አታሳፍሩኝ» ብለውት ነበርና አንድ ቅዳሜ እኔን አስከትላ ሄደች። ባጃጁ ከከተማው አውጥቶ ማሽላው መሃል ጣለን፤ ከዚያ በእግር ነው። ማሽላው ከራሳችን በላይ ነው፤ ነፋስ የሚባል የለም። ከማሽላው ስንወጣ የሽንኩርቱ ማሳ መደብ በመደብ ሆኖ ተዘረጋ። ቦዩ ውስጥ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በአካፋ ጭቃ እየቆረጠ ውኃውን ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው የሚያዞር ልጅ አለ። ጭቃውን አንድ ቦታ ሲደፍነው ውኃው ታዝዞ ይዞርለታል። ቀና ሲል እንድሪስ ነው፤ መደቡ ዳር ቆመው የጠበቁን ጋሽ ሙሄ ለካ አባቱ ኖረዋል።

«ጋሽ ሙሄ፣ እንዴት ዋሉ?» አልኩ፤ ዓይኔ ግን ልጁ ላይ ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ ልጄ። የዶክተር ልጅ ነሽ አይደል?» አሉ። አገሬው አባቴን ዶክተር ነው የሚለው። ከዚያ ወደ ቦዩ ዞሩና፣ «አንተ፣ ይቺ ናት እንቅልፍ የነሳችህ?» አሉት።

አካፋው ከእንድሪስ እጅ አምልጦ ቦዩ ውስጥ ገባ። እናቴ ሳቀች። «ሁለቱ በትምህርት ይፎካከራሉ አሉ» አለች። ጋሽ ሙሄም «ኧረ በትምህርት ነው፣ በትምህርት ነው» አሉ። እኔ ያቺን «እንቅልፍ የነሳችህ» ቤት ድረስ ይዣት ሄድኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሳገላብጣት ከረምኩ።

ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። ጋሽ ሙሄ ለእናቴ ሲያስረዱ ሰማሁ፤ መስኖው በተራ ነው። የእሳቸው ተራ ማክሰኞና ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነው፤ የውኃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ ውኃውን ሲለቁት ቦዩ ዳር ያልተገኘ ተራው ያልፈዋል፣ ሽንኩርቱም ይጠወልጋል። «እኔ ወገቤ እንቢ ካለኝ ወዲህ እሱ ነው የሚያጠጣው። አጠጥቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣል» አሉ። እኔ እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ በትዕቢት የከሰስኩት እንቅልፍ የጣለውን ልጅ ነው። ከማፈሬ የተነሳ ሽንኩርት እንደሚመርጥ ሰው ጎንበስ አልኩ።

እንድሪስ ከቦዩ ወጥቶ ከማሳው ጠርዝ ጥንቅሽ ቆርጦ መጣ። ለእናቴ ሰጠ፣ ለእኔም ሰጠኝ። በደጋ ጥንቅሽ አልለመድኩም፤ ዝም ብዬ ነከስኩትና ልጡ ከንፈሬን ቀደደው።

«ቆይ፣ ቆይ። እንዲህ አይበላም» አለና ከእጄ ወሰደው። ልጡን በጥርሱ ከላይ ወደ ታች ገፈፈውና ነጩን ብቻ አቀበለኝ። «በፊዚክስ አንደኛ የሆነ ሰው ጥንቅሽ ያቅተዋል?»

«በፊዚክስ አንደኛ እንደሆንኩ አመንክ?» አልኩት ከንፈሬን እየጠረግሁ።

«በፊዚክስ ብቻ» አለ።

ጥንቅሹን ሳኝከው ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር፤ ከእጁ ነው። አልጣልኩትም።

ጥር ላይ የመንፈቁ ካርድ ሲሰጥ እሱ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ፣ ዘሃራ ሦስተኛ ወጣን። በግማሽ ማርክ ነው የበለጠኝ። ግማሽ! እህል አልበላም አልኩ። አባቴ «ግማሽ ማርክ የምትበላ ነገር ብትሆን ገዝቼ አመጣልሽ ነበር» ብሎ ሳቀብኝ። በማግስቱ እንድሪስ በዘሃራ በኩል «ከፈለገች ግማሿን ልስጣት» ብሎ ላከብኝ። «ሙሉውን እወስደዋለሁ በይው» አልኳት። ዘሃራ ሁለታችንንም አየችና «እኔን ፖስታ ቤት አደረጋችሁኝ፤ ለምን እዚያው አትነጋገሩም?» አለች።

እንደዚያ ነው ቅዳሜዎቹ የተጀመሩት። እኔና ዘሃራ ለጥናት ወደ ጋሽ ሙሄ ማሳ አብረን እንሄዳለን፤ ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድማ። እንድሪስ ውኃውን ሲጨርስ ማሳው ዳር ያለው ማንጎ ሥር እንቀመጣለን። ወረቀት አናባክንም፤ ረጥቦ የከረመው አፈር ላይ በእንጨት ይጽፋል። ጥያቄ ያወጣልኝና መደቡን ሊያይ ይሄዳል።

«ሠራሽው?» ይላል ሲመለስ።

«ከሠራሁት ቆየሁ። አንተ ነህ የዘገየኸው።»

«እንግዲያው ልክ አይደለም» ይላል ሳያየው። ያንን ሲለኝ በንዴት እሳት እሆናለሁ። ደግሜ ሳየው ግን አንዳንዴ እውነትም ልክ አይደለም። ተዳፋት ላይ በገመድ የተያያዙ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውን የሚጎትት። እኔ ያንን ነገር ሦስት መምህር ከመጽሐፍ አስተምሮኝ አልገባኝም ነበር፤ እሱ ግን የሁለት ቅል አንገት በልጥ አስሮ በማንጎው ቅርንጫፍ ላይ አንጠልጥሎ አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ ላይም ብትጠይቁኝ እሠራዋለሁ።

የሰላት ሰዓት ሲደርስ ቦዩ ላይ ይታጠብና ከማንጎው ወዲያ ማዶ ይሰግዳል። እኔና ዘሃራ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ከዚያ ዘሃራም ልትሰግድ ተነስታ ትሄዳለች፤ እኔ ማተቤን በጣቴ እየነካካሁ ብቻዬን እቀመጣለሁ። ማንም ምንም ያለን የለም። ጋሽ ሙሄ «ልጆቼ» እያሉ ማንጎ ያወርዱልናል፤ እናቴም ለእሱ ብላ ዳቦ ታስይዘኛለች። ግን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ልጅ ማተቧን አንገቷ ላይ እያየች እንዴት አታውቅም?

ወደድኩት። ይሄን አሁን ነው በአንድ ቃል የምለው፤ ያኔ ግን ስሙን አላወቅሁትም። ሰኞ የሚጀምረኝ ነገር ነበር፤ ቅዳሜ እስኪደርስ የሚያሳክከኝ። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስመልስ መምህሩን አይደለም የማየው፣ ወደ ኋላ ነው የምሰማው፤ ተነቃንቆ እንደሆነ። እሱን ማሸነፍ እፈልጋለሁ፤ ሳሸንፈው ደግሞ ፊቱ ሲጠቁር አልወድም። ይሄ ምን ዓይነት በሽታ ነው ብዬ አባቴን ልጠይቀው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ግንቦት ላይ አባቴ እራት ላይ «ዝውውሩ ተፈቀደ» አለ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነስታ እልል አለች፤ ሙቀቱ አንድ ዓመት ሙሉ አላስተኛትም። ትምህርት ሲዘጋ ደብረ ብርሃን እንመለሳለን። እኔ ጉርሻዬን ሳልውጥ ቀረሁ።

ቅዳሜ ለእንድሪስ ነገርኩት። አካፋውን አነሳና ወደ ቦዩ ሄደ፤ ውኃው ግን ቀድሞ አልቆ ነበር። ባዶውን ቦይ ሲቆፍር ቆየና ተመለሰ።

«መቼ?» አለ።

«ካርድ እንደተሰጠ።»

«ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም እኮ» አለች ዘሃራ። እውነቷን ነው፤ ጠዋት የተነሳ አውቶቡስ ለምሳ ይደርሳል። ግን እንድሪስ ምን ብሎ ነው የሚመጣው? እኔስ ምን ብዬ ነው የምወርደው? የማን ዘመድ ነኝ? ዘሃራ ይሄ ነገር የሚሰማት ልጅ ናት፤ የወደቀ ማንጎ ልልቀም ብላ ተነስታ ሄደች።

«እንወራረድ» አልኩት ድንገት።

«ውርርድ ሐራም ነው።»

«እሺ፣ ምን ይባል?»

አሰበ። «ቃል እንግባ። ቃል መግባት ሐራም አይደለም።»

«በዓመቱ አንደኛ የወጣ ሌላውን አንድ ነገር ይጠይቃል። ተጠያቂው እውነቱን ይናገራል። መዋሸት የለም፣ ዝም ማለትም የለም።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«የፈለገውን።»

አፈሩ ላይ የጻፈውን በእግሩ አጠፋው። ጥያቄው የቱ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ገብቶታል። «ወላሂ በይ» አለኝና ራሱ ትዝ ሲለው ሳቀ። «እናቴ ትሙት» አልኩት። «ወላሂ» አለ እሱም።

የነቃሁት ቤት ገብቼ ነው። አሸነፍኩ እንበል። ከዚያስ? እኔ፣ ሴት ልጅ፣ አፌን ከፍቼ «ትወደኛለህ ወይ?» ልለው ነው? «አይ» ቢለኝስ? ከጀውሃ እስከ ደብረ ሲና የሚሰማ ውርደት ነው። ቢጠይቀኝ ግን ምን አለብኝ? ቃል ገብቻለሁ፤ መመለስ ግዴታዬ ነው፤ እውነቱን ብናገር ማንም አይፈርድብኝም። ስለዚህ ማሸነፍ ያለበት እሱ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው አንደኛ እንዲወጣ ተመኘሁ። ደግሞ ምኞት ብቻውን አይበቃም።

ፈተናው ሰኔ ላይ፣ ረመዳን መሃል ሆነ። ሙቀቱ እንዲያ ከርሮ አያውቅም፤ ክንዳችን ወረቀቱ ላይ ይጣበቃል። እንድሪስ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነው የሚመጣው፤ ጎህ ሲቀድ ማሳውን አጠጥቶ ራሱ ጠብታ አይቀምስም። ይሄ ልጅ በውኃ ጥም ተዳክሞ ይወድቅብኛል፣ እኔም ሳልፈልግ አንደኛ እወጣለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። የመጨረሻው ፈተና ፊዚክስ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻውን አሥር ማርክ የያዘ ጥያቄ አለ። ገለጥኩት። ተዳፋት፣ ገመድ፣ ሁለት ሳጥኖች።

ያን ጥያቄ ባዶ መተው እንዴት እንደከበደኝ የሚያውቀው አንደኛ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነው። እጄ ብቻውን ሊጽፍ ይፈልጋል። እስክሪብቶውን ዘሃራ ፊት ገፋሁትና እጆቼን ታፋዎቼ ሥር ቀበርኩ። ወደ ኋላ ሰረቅ አድርጌ ሳይ እንድሪስ ወረቀቱን ገልብጦ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ጨርሷል፤ ሠርቶታል አልኩ። እፎይ አልኩ።

ወረቀት የሚታይበት ቀን ትዝ ይላችኋል አይደል? ካርድ ከመሞላቱ በፊት መምህሩ ወረቀታችሁን ያሳያችኋል፣ የተቀነሰ ማርክ ካለ ትከራከራላችሁ። የፊዚክስ መምህራችን መምህር አሰፋ ይባላሉ፤ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ይበልጥ የሚቀንስ ሰው ናቸው። ሌላውን ሁሉ አሰናበቱና እኔንና እንድሪስን አስቀሩን። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጉ።

ሁለቱም የመጨረሻ ገጻቸው ባዶ ነበር። አንድ ፊደል የለባቸውም።

«ሃያ ዓመት ሳስተምር ኩረጃ አይቻለሁ» አሉ መምህር አሰፋ። «ባዶ ሲኮረጅ ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ምንድን ነው ይሄ? ቀለዳችሁብኝ?»

እንድሪስን አየሁት። እሱም አየኝ። እግዚኦ፣ ያን አስተያየቱን እንዴት ልንገራችሁ። እሱም እንደኔው አስቦታል። የገበሬ ልጅ፣ የሙስሊም ልጅ፣ የዶክተርን ልጅ፣ ማተብ ያሰረችን ልጅ እንዴት ብሎ ይጠይቃል? ብጠየቅ ግን እመልሳለሁ ብሎ ነው። ጎበዝ ስለሆንን አንድ ዓይነት አሰብን፤ አሥር ማርኩ የትኛው ላይ እንዳለ ሁለታችንም አየን። የሚያስቅ ነገር ነው።

«ተናገሩ እንጂ።»

«ሙቀቱ ነው፣ መምህር» አልኩ።

«ፆሙ ነው፣ መምህር» አለ እሱ።

መምህር አሰፋ ዓይናቸውን በየተራ አንከራተቱብን። ክፉ ሰው አይደሉም። ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን አስቀመጡት። «ካርዱ ገና አልተሞላም። ሰሌዳው ይሄው፣ ጥያቄውም ይሄው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ አሁን እዚህ ፊቴ ከሠራችሁት ማርኩን እሰጣለሁ። ለሁለታችሁም ግን አልሰጥም፤ ቀልዱን መቅጣት አለብኝ። ቀድሞ ያነሳ ይሥራ» አሉ።

አንድ ጠመኔ። ያነሳ ያሸንፋል፤ ያሸነፈ ይጠይቃል። እንድሪስ ያንሳው ብዬ በሆዴ ለመንኩ። አንሳው፣ አንሳው በቃ። እሱም ከንፈሩን ነክሶ የእኔን እጅ ያያል። ውጪ የጥበቃው ሰውዬ ደጁን ይጠርጋሉ፤ የመጥረጊያቸው ድምፅ ይሰማኛል። እጄን አንዴ አንቀሳቀስኩት። እሱ ትንፋሹን ዋጠ። መልሼ ሰበሰብኩት።

«ይሁና» አሉ መምህር አሰፋ በመጨረሻ፤ ጠመኔውን ኪሳቸው መለሱት። «የሆነ ነገር አለ። እኔ ግን የማስተምረው ፊዚክስ ነው፤ ሂዱ።»

የካርዱ ቀን ወላጆች በተሰበሰቡበት «አንደኛ ዘሃራ» ተብሎ ሲጠራ ሰው ሁሉ ወደ እኔና ወደ እንድሪስ ዞረ። ዘሃራ ከኋላችን እግር በእግር እንደነበረች ማንም ልብ አላለም። ቀጥሎ እናቷ ከሕዝቡ መሃል እልልታቸውን አቀለጡት፤ የለበሱት ሻርፕ መሬት ወደቀ። እንድሪስ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ። ጋሽ ሙሄ «ፆሙ ነው» ይላሉ፤ አባቴ «ሙቀቱ ነው» ይላል፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲጽናኑ አየኋቸው። ዘሃራ ሽልማቱን፣ አንድ መዝገበ ቃላት፣ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች። ደስ ብሏታል፤ ደግሞ ታዝባናለች።

«እኔ በጉልበቴ ነው ያመጣሁት። እናንተ ምን እንደሆናችሁ ግን አላውቅም፤ ልጠይቅም አልፈልግም» አለችን። አቀፍኳት። እውነትም በጉልበቷ ነው።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ሰኞ ጠዋት አይሱዙ በራችን ቆመ። እንድሪስ መጣ፤ ጋሽ ሙሄ ዕቃ እንዲያግዝ ልከውት ነው። ገና ፆም አልተፈታም። አባቴ «ተው አንተ ልጅ፣ ውኃም አልጠጣህ» ቢለው፣ «ግድ የለም ዶክተር፣ እርስዎ ይረፉ» ብሎ አልጋውን በአንድ ጫፍ አነሳው። ቁም ሳጥኑን ጫነ፣ የእናቴን ድስት በፍራሽ መሃል ወሸቀ፣ መጽሐፎቼ ያሉበትን ካርቶን ለሌላ ሰው ሳይሰጥ ራሱ አወጣው። እናቴ መረቀችው። ዕቃው ሲያልቅ አባቴና እናቴ ቤቱን ለአከራይዋ ሊያስረክቡ ገቡ፤ ሾፌሩ ላይ ሆኖ ገመድ ይወጥራል። እኔና እንድሪስ ከመኪናው ኋላ ብቻችንን ቀረን።

«እንድሪስ፣ ልጠይቅህ ነው» አልኩት። ቆርጫለሁ። ውርደቱም ይምጣ፣ የፈለገው ይምጣ ብያለሁ።

«አንደኛ የወጣችው ዘሃራ ናት» አለ።

«ትሁን። እኔ እጠይቅሃለሁ።»

አንገቱን ሳይደፋ አየኝ። ግንባሩ ላይ የድስት ጥላሸት አለ። «አትጠይቂኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ወላሂ ብያለሁ፤ ከጠየቅሽኝ እውነቱን ነው የምነግርሽ። ያንን ከአፌ ካወጣሁት በኋላ አንቺ ትሄጃለሽ። እኔ ግን ነገ ማክሰኞ ነው፣ ውኃ አለብኝ። መስከረም ላይ እዚያው ክፍል ነው የምገባው። እንዴት አድርጌ ልኑር? በአላህ፣ ትርሲት፣ አትጠይቂኝ።»

የደጋዋ እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም ነበር።

መጠየቅ እችል ነበር። ጥያቄው ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ መልሱም ፊቱ ላይ ነው። አንድ ቃል ባወጣ ለዘላለም የእኔ የሚሆን ነገር እሰማለሁ፤ እሱ ግን ይዞት የሚቀረው እዚያ ነው፣ ከቦዩና ከማንጎው ጋር። «እሺ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀልኝ። ከዚያ ዞሮ የመኪናውን የኋላ በር ከፍ አድርጎ ዘጋው፣ ሽቦውን ጠመዘዘው፣ መዘጋቱንም ደግሞ ጎተት አድርጎ አየው።

አባቴ «ግቢ» አለኝ። ጋቢና ውስጥ በእሱና በእናቴ መሃል ተቀመጥኩ። ከተማው ወደ ኋላ ሄደ፤ የማሽላው ማሳ ሄደ። ደብረ ሲና ዳገት ስንጀምር ነፋሱ ቀዝቀዝ አለ። እናቴ «ተመስገን፣ አየር» ብላ መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። እኔ ያኔ ነው ያለቀስኩት። ልይዘው ብሞክር እንቢ አለኝ፤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። አባቴ ግራ ገብቶት ራሴን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገው።

«አይዞሽ፣ የኔ ልጅ» አለኝ። «አንዴ ሦስተኛ መውጣት ምንም ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ታገኚዋለሽ።»